የደጃዝማቹ ወንበር ዋጋ

ገብረየስ ሳሎኑ መሀል በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ ጭንቅላቱን የፈለጠው ድንጋይ፣ መስኮቱ ሥር የመስታወት ስብርባሪ፣ ራስጌው ደግሞ ያ የተረገመ ወንበር። ቡራዩ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከተናጠች ሳምንት ሆኗት ነበርና ሳጅን አሥራት ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ሰልፈኞች በመስኮት ወርውረው ገደሉት። ጎረቤቱን አደምን ይዘነዋል፤ ቀትር ላይ ከተያዙት ሌሎች ልጆች ጋር በመኪና ይጫናል» አለ።

«ወዴት ነው የሚጫነው?» አለች ኢንስፔክተር ስንዱ።

«እኔ ምን አውቄ!»

ስንዱ ደሟ ፈላ። ከተጫኑት መካከል እስካሁን የት እንደደረሱ ያልታወቁ አሉ። ይኼ ሰውዬ ደግሞ ሬሳ ባየ ቁጥር ወጣት ማፈስ ይቀናዋል! ተንበርክካ ድንጋዩን አነሳችና አሸተተችው። ቀጥላ ወንበሩን አየች። መደገፊያው የተፈለፈለ ዋንዛ ነው፤ መቀመጫው በቆዳ ጠፍር ተጠልፏል። ጠፍሩ ግን መሀሉ ላይ ረግቦ፣ ሰው የተቀመጠበትን ቅርጽ እንደያዘ ደርቋል።

የሟች ሚስት ወይዘሮ ማሪቱ ሰበታ ለቅሶ ሄደው፣ መንገድ ተዘግቶባቸው አድረው፣ ገና አሁን መድረሳቸው ነው። ስንዱ የገብረየስን የእንጨት ሥራ ሸሪክ አብዶን ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«ጋሽ አብዶ፣ ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ወላሂ ተጣልተናል! ደጃዝማች ተቀመጡበት ተብሎ ለአንድ ወንበር ቤት የሚያስገዛ ብር? እብደት ነው አልኩት። እሱ ደግሞ የገዛው ይመን አለኝ። ቢሆንም ትናንት ከሰዓት ጠፍሩን አብረን ቀየርንለት።»

«ለምን ተቀየረ?»

«አሮጌው ተበጣጥሶ ነዋ! ቆዳውን በሳፋ ዘፈዘፍን፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጫንንበት፣ ከዚያ እርጥቡን ወጥረን ጠለፍነው። እንዲደርቅ ትቼው ቤቴ ገባሁ።»

ሳፋው እዚያው ጓሮ አለ። ድንጋዩ ግን የለም።

ገብረየስ ለጨረታ ያቀረበውን ወንበር ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያሸነፈው፣ ግን ገና ያልተረከበው አቶ ሀብተወልድ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ስንዱ በርጩማ ሳበችለት።

«ደህና ነኝ፤ ልቁም።»

«መቼ መጡ?»

«ቡራዩስ ትናንት ነው የገባሁት። ወንበሩ በዚህ ረብሻ እንዳይቃጠል ብዬ መጣሁ፤ መንገዱ ሲዘጋ ዘመድ ቤት አደርኩ። እዚህ ቤት ግን የገባሁት አሁን፣ መሞቱን ሰምቼ ነው።»

«ያን ያህል ብር ያወጣል ይህ ወንበር?»

«አንቺ እንጨት ነው የምታዪው። እኔ ታሪክ ነው የገዛሁት!»

ስንዱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ሰዓቷን አየች፤ ቀትር ሊሆን ነው።

«ሳጅን፣ ድንጋዩን አሽትት።»

አሥራት አፍንጫውን አኮማተረ። «ኡፍ! ቆዳ ቆዳ ይላል።»

«የጎዳና ድንጋይ ቆዳ ቆዳ አይልም። ከጓሮው ሳፋ የተነሳ ነው። ገዳዩ ቤት ውስጥ ነበር፤ መስኮቱን የሰበረው ለአንተ ብሎ ነው፤ አንተም አላሳፈርከውም! አሁን ወንበሩን እዩ። እርጥብ ጠፍር ላይ ከተቀመጡበት ረግቦ ይደርቃል። ገብረየስና ጋሽ አብዶ ለፍተው የወጠሩትን አይቀመጡበትም። ወይዘሮ ማሪቱ ሰበታ ነበሩ። የተቀመጠው ጠፍሩ የደጃዝማቹ ዘመን ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው። አቶ ሀብተወልድ፣ እስኪ ይዙሩ!»

አልዞረም። አሥራት ትከሻውን ይዞ አዞረው። ከሱሪው መቀመጫ ላይ የጠፍሩ መስመር ወዲያና ወዲህ ተጠላልፎ፣ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

«አታለለኝ!» ጮኸ ሀብተወልድ። «ሻይ ላፍላ ብሎ ሲገባ ቁጭ አልኩ፤ ሱሪዬ ራሰ! የመቶ ዓመት ወንበር ብሎ ትናንት የታረደ በሬ ሸጠልኝ! ስጠይቀው ሳቀብኝ! ሳፋው ጋ ሄጄ...»

አብዶ ሊዘልበት ሲል ስንዱ መሀል ገባች።

«አንተ ደንቆሮ!» አለ አብዶ። «ጠፍር እኮ ሲያልቅ ይለወጣል! ደጃዝማቹ ራሳቸው ስንቴ አስለውጠውት ይሆናል! ጥንቱ እንጨቱ ነው፤ እሱን ማን ነካብህ?»

ሀብተወልድ የወንበሩን መደገፊያ አየ።

ወይዘሮ ማሪቱ ወደ ሀብተወልድ ዞሩ። «ልሄድ ስል፣ ገዢው ሲቀመጥ ጠፍሩ ተበጥሶ እንዳይጥለው ልቀይረው ነው አለኝ። ለእርስዎ ብሎ እኮ ነው!» አሉና ከባላቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ስንዱ ወደ ጣቢያ ሮጠች። የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነስቷል። ሾፌሩን «አጥፋ!» ብላ የኋላ መዝጊያውን ራሷ ከፈተችው። ልጆቹ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀው ተቀምጠዋል።

«አደም፣ ውረድ። ገዳዩ ተይዟል፤ ነፃ ነህ።»

አደም ተነሳ፤ ግን አልወረደም። ጓደኞቹን አየ፣ እሷን አየ።

«እነሱስ ማንን ገደሉ ተብለው ነው?» አላት።

ስንዱ መዝጊያውን እንደያዘች ቀረች።