መውጫ ያለው ክብ

ውድድር ባለበት እሁድ ጠዋት ከሁሉ በፊት ኖራ ይበጠበጣል። ረድኤት ይሄን ሥራ ከልጅነቷ ጀምሮ ትወደዋለች። ውኃው ባልዲው ውስጥ ሲገባ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ፣ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርገው ሽታ፣ በዱላ ሲማሰል መጀመሪያ ኮረት ኮረት እያለ ቀስ በቀስ እንደ እርጎ የሚወፍረው ነገር፣ ሁሉም ደስ ይላታል። ከመቂ ወጣ ብሎ ያለው የመኪና መወዳደሪያ ድሮ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። አስፋልቱ አርጅቷል። መሬቱ ደግሞ አመለኛ ነው፣ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ማንም ሳይነካው ዝም ብሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሹፌሮቹና ዘመዶቻቸው ባልዲ ባልዲያቸውን ይዘው ዙሩን በእግራቸው ይሄዱታል፤ ስንጥቅ ያየ ሰው ዙሪያውን በኖራ ክብ ይሠራበታል፣ የሚነዳው ሁሉ ነጩን እያየ ይሸሻል። ሹፌሮቹ ይሰዳደባሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አንዱ የአንዱን ጎማ ያስተነፍሳል፣ ማታ ደግሞ አብረው ይበላሉ። አይቶ አለመክበብ ግን የለም። ደመኛህ የሚሞትበት ስንጥቅ ቢሆንም ትከባለህ።

ታላቅ ወንድሟ ኖላዊ ሰማያዊ ላዳ ነበረው፣ ያ ድሮ ታክሲ የነበረ፣ በሩ በገመድ የሚታሰር። የእሱን ክብ ማንም ያውቀዋል፤ ምክንያቱም አይገጥመውም፣ ጫፍና ጫፉ መሀል ሁልጊዜ ትንሽ ክፍተት ይተዋል።

«ለምንድነው የማትጨርሰው? ሰነፍ!» ትለዋለች።

«ሬዱዬ፣ መውጫ ይኑረው እንጂ» ይላል፣ የእጁን ግሪስ በብርቱካን ልጣጭ እየፈተገ። ሁልጊዜ ብርቱካንና ቤንዚን ነበር የሚሸተው።

አምና ሦስተኛው ኩርባ ላይ አስፋልቱ ከላዳው ስር ተነሳ። በቃ፣ እንደ ምንጣፍ ተነሳና ኖላዊ ሞተ።

ረድኤት ግን የዚያን ቀን ጠዋት ያየችው ነገር አለ። ባንተአምላክ፣ ሁሉም ባንቴ የሚለው፣ ቀይ ዲኤክስ የሚነዳው፣ ኖላዊን አንድም ቀን ቀድሞት የማያውቀው ባንቴ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን ሲያይ አይታዋለች። ከዚያ ተነሳ፣ ባልዲውን አልነካም፣ በጫማው ጫፍ አሸዋ ገፋ ገፋ አድርጎ እያፏጨ ሄደ። ምን እንደሆነ የገባት ላዳው ሲገለበጥ ነው። ቀብሩ ላይ ከሁሉ በላይ ደረቱን የመታው ባንቴ ነበር፤ ሬሳውን ተሸክሞ በፊቷ ሲያልፍ በጫማው ማሰሪያ መሀል አሸዋ ነበር።

ለውድድሩ ኃላፊ ለጋሽ ክንፉ ነገረቻቸው። ራሷን ዳበስ አደረጓትና «ልጄ፣ ሐዘን ያላዩትን ያሳያል» አሏት። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረችም። ያላወጣችው ነገር ሆዷ ውስጥ እንደ ፍም ተዳፍኖ ከረመ።

ዘንድሮ ውድድሩ ሊደርስ ሲል የኖላዊን ባልዲ እኔ ልያዝ አለች፣ ጋሽ ክንፉም እንባቸው እየመጣ እሺ አሏት። ቦታውን ለማየት ብላ በአዘቦት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ብቻዋን ሄደች። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የተለጠፈው አዲሱ አስፋልት ከአሮጌው መሀል ጥቁር ብሎ ይታያል፣ ረግረግ ይላል፣ ሲረግጡት የተኛ ሰው ሆድ የረገጡ ያስመስላል። ዙሪያውን ደግሞ ኖራ ተሠርቶበታል። ክብ። ገና ያልደረቀ። ከአድማስ እስከ አድማስ ሰው የለም፣ ከሩቅ ፍየል ብቻ ትጮሃለች። ክቡ በአንድ በኩል ትንሽ ክፍተት ነበረው።

ጎንበስ አለች። ከሬንጁ ሽታ ስር ሌላ ሽታ አለ፣ ቀጭን፣ ጣፋጭ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ጆሮዋን አስጠጋች። ከታች፣ በጣም ከታች፣ ጠፍቶ የሚቀዘቅዝ ሞተር ድምፅ፣ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።

ሌላ ሰው ቢሆን እሪ ብሎ ይሮጥ ነበር። እሷ ግን ሳቋ መጣ። «ቦታውን እያሳየኝ ነው» አለች። ኖራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። በማግስቱ ስትመለስ ክቡ ተመልሶ ነበር፣ ወፈር ብሎ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ጽሑፍ ተጫጭኖ፤ ደግማ ጠረገችው። ጥፍሯ ውስጥ የገባው ነጭ በሳሙናም በአሸዋም አልለቅ አለ፣ እንጀራ ስትቆርስ እንኳ ጣቷ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። እናቷ «ምን ነካሽ ልጄ፣ ፊትሽ እኮ ፈካ» አለቻት። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስቃ አታውቅም ነበር።

እሁድ ጠዋት ባንቴ መኪናው ኮፈን ላይ ተቀምጦ ማስቲካ ያኝካል።

«የኖላዊ እህት! ዘንድሮ መንገዴን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ፣ አደራ!»

«አደራህን በልቼ ልሙት?» አለችው፣ ፈገግ ብላ።

«እንዴ፣ ምላስ አወጣሽ!» ሹፌሮቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ባንቴ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱን አዞረ።

ከሌሎቹ ቀድማ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስትደርስ ጥቁሩ አስፋልት ተሰንጥቋል። አፉ ጣት ያስገባል፣ ዳር ዳሩ እርጥብ ነው፣ በዚያ የጠዋት ብርድ ከውስጡ ሞቅ ያለ አየር ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ዙሪያው በኖራ ተከቧል፣ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ክብ በክብ ላይ፣ በጥድፊያ እንደተሠራ፣ ሁሉም በዚያው በኩል ክፍተት ያላቸው። ረድኤት አላነበበችውም። ነጠላዋን አውርዳ አንድም ነጭ ሳታስቀር ጠረገች፣ ከዚያ በጫማዋ ጫፍ አሸዋ ገፋ ገፋ አደረገች። እያፏጨች እንደሆነ የታወቃት በኋላ ነው።

«ሦስተኛው ኩርባ ንጹህ ነው!» ብላ ጮኸች።

መኪኖቹ ሲነሱ አገሩ ተናወጠ፣ አቧራው ፀሐይዋን ቢጫ አደረጋት። ቀዩ ዲኤክስ ከፊት ነበር። ኩርባው ላይ ሲደርስ አስፋልቱ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ፣ ከዚያ ተከፈተ፤ መኪናው በአፍንጫው ተተከለ፣ የኋላ ጎማዎቹ ሰማይ ላይ ይሽከረከራሉ። በመስታወቱ በኩል የባንቴ መዳፍ ታየ፣ መስታወቱን ሲመታ፣ ሲመታ፣ ከዚያ ከስር የሆነ ሌላ እጅ፣ ግሪስ የነካው፣ ቀስ ብሎ የባንቴን የእጅ አንጓ ያዘ።

ሰዎች ሲደርሱ በሮቹ ተቆልፈዋል፣ ቀበቶው እንደታሰረ ነው፣ መኪናው ውስጥ ሰው የለም። ስንጥቁም የለም። አስፋልቱ ገጥሟል፣ የመኪናው አፍንጫ እዚያው ተበልቶ እንደቀረ። ጋሽ ክንፉ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጥቁሩን መሬት በጥፍራቸው ይቧጥጣሉ። «ማን ነው ያየው? ይሄን ማን ነበር ያየው?» ይላሉ። ረድኤት ከተመልካቹ ገመድ ወዲያ ቆማ ነጠላዋን አጣጠፈች። ደስታው ከእግሯ ጀምሮ ሲሞቃት ይሰማታል፤ ሙቀቱ ከደስታዋ እንዳልሆነ፣ ከጫማዋ ስር እንደሚመጣ፣ ልብ አላለችም።

ያን ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ያልተኛችውን እንቅልፍ ተኛች። ጠዋት የቀሰቀሳት የእናቷ ድምፅ ነው፣ ከበሩ ላይ።

«አንቺ ረድኤት! ኖራውን ቤት ድረስ ይዘሽው መጣሽ? አልጋሽን ምን ሆነሽ ነው የከበብሽው?»

«እኔ አይደለሁም እማ።»

«ታዲያ ማን ነው? ወንድምሽ ነው?» አለች እናቷ፣ ብላም ደነገጠች።

ክፍሉ ብርቱካን ይሸታል። ረድኤት አንድ እግሯን አወረደች፤ የሲሚንቶው ወለል ለብ ብሏል፣ ረግረግ አለ፣ ከታች የሆነ ነገር ቲክ፣ ቲክ ይላል። አሁን ገባት። ቦታ እያሳያት አልነበረም ያ ሁሉ ክብ፤ ያው እንደ ድሮው ሰው እንዳይሞት እየከበበ ነበር፣ ሊያድን የፈለገውም ባንቴን ብቻ ሳይሆን እሷንም ነበር። እግሯን ሳበችና አልጋው ላይ ተንበርክካ ነጩን መስመር በዓይኗ ተከተለች፣ በራስጌ፣ በግድግዳው ጥግ፣ በግርጌ፣ ክፍተቱን እየፈለገች። ኖላዊ በሕይወቱ ክብ ገጥሞ አያውቅም፤ ይሄኛው ግን ገጥሟል።