ለድምፁ ዐሥር ከዐሥር

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ገባች። በሩን ስትወረውረው መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የፊልም ዲስኮች ተንጫጩ።

እሱ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንደደፋ ዞር እንኳ አላለም።

ሁለቱም የሚሠሩት ለአንድ የፊልም መጽሔት ነው። ለቤት መመልከቻ የሚወጡ ዲስኮችን እሷ በምስላቸው፣ እሱ በድምፃቸው እየመዘኑ ከዐሥር ነጥብ ይሰጣሉ። መሥሪያ ቤቱ እሷን «ዓይን»፣ እሱን «ጆሮ» እያለ ይጠራቸዋል። የተዋደዱትም እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ አሮጌ ሶፋ ላይ ነው። እሷ ሁልጊዜ በግራው ትቀመጣለች፤ በቀኝ በኩል ከሆነች የመስኮቱ ነጸብራቅ ምስሉን ያበላሽባታል።

ባለፈው ወር አንድ ፊልም ሊያልቅ ሲል፣ ሙዚቃው ገና እየተሰማ፣ ትከሻው ላይ ተደግፋ «እንጋባ እንዴ?» ብላው ነበር። ስንት ጊዜ አስባ፣ ስንት ጊዜ አፍራ! እሱ ምን አለ? ዲስኩን አወጣና «የሚቀጥለውን ልክፈት?» አላት። ጆሮ ዳባ ልበስ! ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው ዋሽቷል፤ የእሱ ዝምታ ውስጧን አንቅዞ ጨርሶታል። ደግማ እንዳትጠይቅ ግን ኩራቷ ያዛት።

አሁን ማዳመጫውን ከራሱ ላይ ነጠቀችው።

«ለዚህ ዲስክ ድምፅ ዐሥር ከዐሥር የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ምነው ይለኛል እንዴ! የግራው ድምፅ ጭራሹን የለም! አንዱ አንባቢ ደውሎ ልክ ልኬን ነገረኝ። አንተን አምኖ ስፒከሬ ነው የተበላሸው ብሎ ፈታቶታል። እኔ ለምስሉ ሦስት ነው የሰጠሁት፤ የሰው ፊት ሰም እስኪመስል ምስሉን ጠርገውታል! አንተን ምን አቅምሰውህ ነው?»

«ጉቦ ማለትሽ ነው?» ፊቱ ጠቆረ። «እንዲህ ነው የምትገምቺኝ?»

«ታዲያ ምን ልገምት? ደንቆሮ እንኳ ያውቀዋል!»

እሱ አንገቱን ደፋ። ሲያዳምጣት ቀኝ ጆሮውን ወደ እሷ አዙሮ እንደነበር ያን ጊዜ ልብ አለች። ስልክ ሲያነሳም በቀኙ ነው። በመንገድ ሲሄዱም እየዞረ በግራዋ ይሆናል፤ ጨዋነት ይመስላት ነበር።

ቀስ ብላ በግራው ዞረች።

«አንተ ሌባ» አለች በሹክሹክታ።

አልተንቀሳቀሰም።

«እወድሃለሁ።»

ምንም።

ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ገባው። «ከክረምቱ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ የግራው የለም። ሐኪሙ አይመለስም አለኝ። ጆሮ ብለው ለሚጠሩኝ ሰዎች ምን ብዬ ልንገራቸው? ያንን ዲስክ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት። ለእኔ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሰማኝ።»

ንዴቷ ባሰ እንጂ አልበረደም።

«ከእነሱስ ይሁን፤ ከእኔ ትደብቃለህ? ወር ሙሉ ቆሽቴ ሲያር!»

«እኔ ምን አድርጌ?»

«ሶፋው ላይ ምን እንዳልኩህ ታውቃለህ?»

«ምን አልሽኝ?»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ተነስታ መጋረጃውን ዘጋችው። መጥታም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኙ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ አለቃችን ጋ ሄደህ እውነቱን ትናገራለህ። አንባቢውንም ይቅርታ ትጠይቃለህ። ከዛሬ ጀምሮ የግራውን እኔ እሰማለሁ። ካባረሩህ ሁለታችንንም ያባርሩን!»

«እሺ። ምን ነበር ያልሽኝ?»

«እንጋባ ነው ያልኩህ፣ አንተ ደንቆሮ!» ጮኸችበት። ከግድግዳው ማዶ ሲተይብ የነበረ ሰው እጁን አቆመ።

«ቀስ በይ እንጂ» አላት ጆሮውን ይዞ። «ይሄኛው ደህና ነው።»

«መልስ!»

«እሺ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልሰማሁም!» አለችው።

ሰምታለች።