ሠላሳኛው ፊርማ

የዶክትሬት ተማሪዋ ኮቡሲንጌ ረቡዕ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጀርባ ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ ሞታ ተገኘች። ከሁለት ሰዓት በላይ ዝናብ ስለ ወረደባት ፀጉሯም ቀሚሷም ርሶ ነበር። በዚያው ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሥራና የጥናት ሳምንት ሦስተኛ ቀኑን ይዞ፣ ከካምፓላ የመጣ አንድ አሠልጣኝ ከቀጣሪ ፊት እንዴት እንደሚቀረብ ሲያስተምር፣ «ፈገግታችሁ ከልብ ይሁን» ይል ነበር።

ኢንስፔክተር ሙሳሲዚ አስከሬኑን ከማስነሣቱ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ ተመለከተ። የሟች የስም ባጅ በሰማያዊ ጥብጣቡ እንደ ተንጠለጠለ አንገቷ ላይ ነበር፤ አንዳች አልጎደለውም። ቀኝ እጇ ግን ተጨብጦ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲያላቅቅ፣ ባጅን ከጥብጣብ ጋር የምታያይዝ አንዲት ትንሽ የብረት ማንጠልጠያ አገኘ። ቀጥሎ አስከሬኑ ሲነሣ፣ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ በሰው ቅርጽ ደርቆ ታየ።

«ዝናቡ መቼ ጀመረ?» ሲል ያገኛትን የጽዳት ሠራተኛ ጠየቀው።

«ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን። ልብስ አስጥቼ ነበርና አልረሳውም።»

የሳምንቱ አስተባባሪ ካህዋ ጃንጥላ ይዞ እያለከለከ ደረሰ። «አራሊ፣ ይህ ደረጃ ሰው ይጥላል» አለ፣ መርማሪውን በማቆላመጫ ስሙ እየጠራ፤ በቶሮ ምድር ያለዚያ ወግ አይጀመርም። «መደገፊያ ብረት ይሠራለት ብዬ ሦስት ዓመት ጽፌያለሁ። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ሳሙና ነው።»

«ሲደርቅስ?»

ካህዋ ደረጃውን ሽቅብ ተመለከተ።

የጣቢያው አዛዥ ግን ማንን እንደሚይዝ ወስኖ ነበር። ጠዋት በሻይ ሰዓት ንያካና የተባለች የዶክትሬት ተማሪ ሟችን በሰው ፊት፣ «እኔ በቁሜ እያለሁ ይህን ሥራ አትወስጂውም» ብላታለች። ሥራው የሐይቆች ምርምር ተቋም የሚሰጠው የሁለት ዓመት ቅጥር ነበር፤ ቦታው አንድ፣ አመልካቾቹ ሦስት፦ ኮቡሲንጌ፣ ንያካናና ሩሶኬ። ዳኞች በዚያ ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ የሦስቱን የጥናት ፖስተር አይተው፣ አሸናፊውን ዐሥር ተኩል ላይ ሊናገሩ ነበር። ንያካና በምሳ ሰዓት ያያት ሰው የለም። ስለዚህ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ተይዛ ጣቢያ ገባች። የዶክትሬት ጽሑፏን ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በፈታኞች ፊት ልትከላከል ቀጠሮ ነበራት፤ ዓርብ የምዝገባ ዘመኗ የሚያበቃበት ዕለት ነው። በዚያ ሰዓት አዳራሽ ካልተገኘች ሰባት ዓመቷ ውሃ ይበላዋል።

ሙሳሲዚ ጣቢያው አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። «ማን ልበልሽ?» ሲል በአገሩ ወግ ጀመረ።

«አድዬሪ። እስረኛ ብትለኝም ያስኬዳል።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበርሽ፣ አድዬሪ?»

«መጸዳጃ ቤት፣ እያለቀስኩ። ምስክር የለኝም። ለቅሶዬን ሰው ጠርቼ አላውቅም።»

«ምን አስለቀሰሽ?»

«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አራሊ። እኩዮቼ ልጅ ድረው ጨርሰዋል፤ እኔ ምዕራፍ ሁለትን ለስድስተኛ ጊዜ አርሚ ተብያለሁ። ይህ ሥራ ካመለጠኝ ወደ እናቴ ሻይ ቅጠል ለቀማ ነው የምመለሰው።»

መርማሪው ባጇን ተመለከተ። የታተመ ነበር፤ ማንጠልጠያውም በቦታው ነበር።

«ኮቡሲንጌ ማንን ትቀርብ ነበር?»

«ሩሶኬን። እንደ እኅትና ወንድም ነበሩ። አንዳቸው ከስብሰባ ሲቀሩ ሌላኛው በስማቸው ይፈርማል። ሕጉን ታውቀው የለ? ሠላሳ የጥናት መድረክ ላይ ተገኝቶ ያልፈረመ ጽሑፉን ማስገባት አይችልም። ማን ሠላሳውን ይቀመጣል? ሁሉም ይፈራረማል።»

«ላንቺ ማን ይፈርማል?»

«ጓደኛ የለኝም። ሠላሳውንም ተቀምጬ ሰምቻለሁ።» እንደ መሣቅ አለች። «ከዚህ የባሰ እስር አለ ብለህ ነው?»

የሟች አማካሪ ዶክተር ባሴሜራ በቢሮዋ ተቀብላ አነጋገረችው። ኮቡሲንጌ በአንድ የጥናት ጽሑፍ ላይ የማን ስም ይቅደም በሚል ከስሳት እንደ ነበር ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው። በምሳ ሰዓት እዚሁ በር ዘግቼ ነበርኩ። ባጄም እነሆ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ስሜን አንገቴ ላይ አላንጠለጥልም።» ባጁ ከነማንጠልጠያው ነበር።

«መጨረሻ ያገኘሻት መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ መጥታ፣ ‹አኪኪ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ ሠላሳዬ ይሞላል፤ ዓርብ አስገባለሁ› አለችኝ። ዛሬ ሰባት ሰዓት ገደማ ደግሞ ደወለች። ‹ፖስተሮቹን አይተሻቸዋል?› አለች። አላየሁም አልኳት። ‹እንግዲያው ዐሥር ሰዓት ላይ በዳኞቹ ፊት ታያለሽ› ብላ ዘጋች። ድምፅዋ የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።»

ሩሶኬ ኮሪደሩ ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ጨምሮ ተቀምጦ ነበር። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ዶክትሬቱን ከጀመረ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር፤ ሐዘኑ የውሸት እንዳልሆነ ሙሳሲዚ ወዲያው ተረዳ። ይህም ይበልጥ አሳሰበው።

«ባጅህ በእጅ የተጻፈ ነው፣ በመርፌ ቁልፍም ተያይዟል።»

«ጠዋት በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ስመጣ ንፋስ ወሰደብኝ። ካህዋ ሌላ ጻፈልኝ።»

«ምሳ በልተሃል?»

«የሙዝ ማቶኬ፣ በኦቾሎኒ ወጥ። ከዚያ ወዲህ ውሃም አልወረደልኝ።»

«የት ተቀመጥህ?»

«ብቻዬን፣ ከዛፉ ሥር። ከዚያ ወደ አዳራሽ ገባሁ።»

«አቦሊን አላየሃትም?»

የማቆላመጫ ስሟ ሲጠራ ሩሶኬ ዓይኑን ጨፈነ። «አላየኋትም።»

ሙሳሲዚ ከዚያ ወደ ባዶው አዳራሽ ገብቶ በፖስተሮቹ ፊት ተመላለሰ። በኮቡሲንጌ ፖስተር ላይ የአንድ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ውሃ በየሳምንቱ እንዴት ከፍና ዝቅ እንዳለ የሚያሳይ መስመር ነበረ፤ በሐምሌ ወር ለሁለት ሳምንት ተቋርጦ እንደ ገና ይቀጥላል። ከግርጌው፣ «ታንኳው ተሰርቆ ስለ ነበር አልተለካም» ተብሎ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። መርማሪው ይህን ሐቀኝነት ወደደው። ሦስት ሰሌዳ አልፎ ቆመ። እንደ ገና ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያም ካህዋን ፈልጎ፣ የሁለት ዓመቱን የፊርማ ወረቀት ሁሉ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ንያካና በአንዲት ፖሊስ ታጅባ፣ በትናንት ልብሷ ገባች። ባሴሜራ ከፊት፣ ሩሶኬ ከኋላ ተቀመጡ። ካህዋ ከልማድ የተነሣ ወንበሮቹን አስተካከለ። የጣቢያው አዛዥ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር።

«ኮቡሲንጌ የሞተችው ዝናቡ ሳይጀምር ነው» ሲል ሙሳሲዚ በዝግታ ጀመረ። «ከሥሯ ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነበር። እንግዲህ ውሃ አላንሸራተታትም፤ ጊዜውም ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ለስምንት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን፣ በምሳ ሰዓት ነው። በእጇ የጨበጠችው የባጅ ማንጠልጠያ የእርሷ አይደለም፤ የእርሷ አንገቷ ላይ ነበረ። ስትወድቅ የያዘችው ከፊቷ የቆመውን ሰው ነው።»

«ባጅ ያደረገ ስልሳ ሰው ነው» አለ አዛዡ።

«ባጁን ያጣው ግን አንድ ነው። ካህዋ፣ ያለ ባጅ ምሳ ይሰጣል?»

«ያለ ባጅ ሬክተሩም አይበላም» አለ ካህዋ። «እኔ ራሴ ባጁን እየበሳሁ ነው የማሳልፈው። አምና ሳንበሳ፣ አንዱ ሦስት ሳህን በልቶ ታመመብን።»

«ለሩሶኬ አዲስ ባጅ የጻፍክለት መቼ ነው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሲገባ» አለ ካህዋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። «አፑሊ… በምሳ ሰልፍ ላይ የታተመውን አይደል እንዴ የበሳሁልህ?»

ሩሶኬ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘውን ባጁን በእጁ ሸፈነ።

«ጠዋት ጠፋብኝ አለኝ፤ ምሳ በላሁም አለኝ» ሲል ሙሳሲዚ ቀጠለ። «ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አሁን ፖስተሮቹን ተመልከቱ። ኮቡሲንጌ ታንኳዋ ስለ ተሰረቀ ሁለት ሳምንት አልለካችም። ሩሶኬ ከእርሷ ሐይቅ አርባ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሌላ ሐይቅ ለክቻለሁ ይላል። በእርሱም መስመር ላይ ያቺው ሁለት ሳምንት የለችም። ሌባው በሁለት ሐይቅ በአንድ ቀን ታንኳ ሰረቀ ማለት ነው? አይደለም። ልኬቱ የእርሷ ነው። ትናንት አይታው ነበር፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ለዳኞቹ ልትናገር ነበር።»

ባሴሜራ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «‹በዳኞቹ ፊት ታያለሽ› ያለችኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው። አስቀድማ ግን ወዳጇን ለብቻው አነጋገረችው። ዕድል ልትሰጠው ይመስለኛል።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው» አለ ሩሶኬ። ድምፁ ደክሞ ነበር። «ባጅ ይጠፋል። ቁጥር ይመሳሰላል።»

«ይመሳሰላል» አለ መርማሪው። «ስለዚህ የቀረውን አንተው ንገረኝ።» የፊርማ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ስትፈርም ብዕር አጥብቀህ ትጫናለህ፣ አፑሊ። የወረቀቱን ጀርባ በጣቴ ስዳስስ ፊርማህ ይታወቀኛል። ኮቡሲንጌ በሃያ ዘጠኝ መድረክ ላይ ፈርማለች። ከዚያ ውስጥ ዐሥራ ሁለቱ ከጀርባ ይዳሰሳሉ። አንተ ነህ የፈረምክላት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረች ስትውል፣ እናቷ ስትታመም፣ መንገድ ሲዘጋባት፣ አንድ ቀን እንኳ አልጎደልክባትም። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ሠላሳኛዋ ነበር። ወረቀቱ ሩብ ሰዓት ዞሮ እንደሚሰበሰብ ታውቃለህ። ካልተፈረመላት ዓርብ ማስገባት አትችልም፤ ሰባት ዓመቷ ይሞታል። ወረቀቱ አንተ ዘንድ ደረሰ። ለራስህ ፈረምክ። ለእርሷ አልፈረምክም።»

ንያካና ቀና አለች።

«ተጣልተው ይሆናል» አለ አዛዡ።

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ነገር ግን ይህን ተመልከቱ።» ሙሳሲዚ የረቡዕን ወረቀት ወደ ብርሃኑ አነሣ። በታተመው የኮቡሲንጌ ስም ትይዩ ያለው ሣጥን ባዶ ነበር፤ መካከሉ ላይ ግን አንዲት የቀለም ነጥብ ነበረች። ጀርባውን ለአዛዡ አስዳሰሰው። «ብዕሩ ለመፈረም አርፎ ነበር። አርፎም ተነሣ። የተጣላ ሰው ብዕሩን እዚያ አያሳርፍም። በሕይወት አለች ብሎ የሚያምን ወዳጅ ደግሞ አያነሣውም።»

ወረቀቱን ሩሶኬ ፊት አኖረ፤ ብዕርም አቀበለው። «የለሁበትም ካልክ ፈርምላት። እንደ ወትሮው።»

ሩሶኬ ብዕሩን ያዘ። እጁ ወደ ሣጥኑ ሄደ፤ ከወረቀቱ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። ብዕሩን መልሶ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደሚያኖር ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ለሞተ ሰው እንዴት ይፈረማል?» አለ። «‹አንተው ራስህ ንገራቸው፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አለችኝ። ስምንት ዓመት፣ አራሊ። ልጆቼ አባታችን ሥራው ምንድን ነው ሲሉ ‹ተማሪ› እላለሁ። ለመንኳት። ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዝኩ፤ ስትመነጭቀኝ ገፋኋት። መግፋቴን አውቄያለሁ፣ አልክድም። ባጄን ይዛ ወደቀች። ከዚያ ገብቼ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰውዬውም ፈገግ በሉ ይለን ነበር።»

«ፈርመህ ቢሆን ኖሮ» አለ ሙሳሲዚ፣ «ዝናቡ ከጀመረ በኋላም በሕይወት ነበረች ባልን ነበር፤ አንተም ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በሰው መካከል ነበርክ።»

«አውቃለሁ። ወረቀቱ በእጄ ሳለም አውቄዋለሁ።»

ሲወስዱት በንያካና አጠገብ አለፈ። ፖሊሷ እጇን ለቀቀቻት፤ እርሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ንያካና በዚያው አዳራሽ በፈታኞቿ ፊት ቆመች። ይህም እንደ ሌላው መድረክ ይቆጠራልና ካህዋ የፊርማ ወረቀት አምጥቶ ነበር። ስም ዝርዝሩን ለማደስ ልቡ አልቻለም፤ የኮቡሲንጌ ስም በቦታው ነበር።

«ከመጀመሬ በፊት ወረቀቱን አንድ ጊዜ» አለች ንያካና።

«ተከላካይ አይፈርምም፣ አድዬሪ። የአንቺ ሠላሳ ሞልቷል።»

«አውቃለሁ።»

ወረቀቱን ተቀበለች፤ በስሟ ትይዩ ሳይሆን በሌላ ስም ትይዩ ፈረመች። በሕይወቷ ለሌላ ሰው ስትፈርም ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ካህዋ አየ። ባሴሜራም አየች። ካህዋ ወረቀቱን ሩብ ሰዓት አዙሮ ሰበሰበ፣ ወደ ቢሮውም ገብቶ የሟችን ማኅደር ከፈተና ሠላሳ ብሎ ጻፈ።