ሰማያዊው ገመድ ሲነቀል

በ2006 ዓ.ም. የሐምሌ ዝናብ አቃቂን ጠርጎ ሊወስድ ሲያስፈራራ፣ ኢንስፔክተር ፀሐይቱ ወደ አንድ የኔትወርክ ማሠልጠኛ ተጠራች። የስቶሬጅ መረብ ዲዛይን አስተማሪው ጋሽ አሻግሬ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ሞተው በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸውን የመታው የእሳት ማጥፊያ አጠገባቸው ወድቋል።

ፀሐይቱ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ማብራቱን ብቻ ነው። ውሸት ግን ቱሉ ዲምቱ ተዋሽቶ ቃሊቲ ሆና ታነጥሳለች ይባላል።

ፖሊሶቹ ከሟቹ ጋር ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሠልጣኝ ኢሽራቅን በካቴና አስረውታል። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ደጃፍ ለጠያቂ ብርቱካን የምትሸጠው እናቱ ላጢፋ በሩን ይዛ ትጮኻለች።

«ለሰው ልጅ ስንቅ ስሸጥ ኖሬ፣ ለራሴ ልጅ ላመላልስ?»

ፀሐይቱ ልጁን ለብቻው አነጋገረችው።

«ክፍሉ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«ፈተና ነበረኝ። መረጃው የሚቀመጥበት ስቶሬጅ ከሰርቨሩ ጋር በቀይና በሰማያዊ ገመድ ይገናኛል። አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ሥራውን መያዝ አለበት። ጋሼ ‹ሰማያዊውን ንቀል› አሉኝ፤ ነቀልኩ፤ ቀዩ ያዘ። ‹አለፍክ!› አሉኝ። መልሼ ሰክቼ ወጣሁ።»

ቀጥሎ ረዳት አሠልጣኙ ኩምሳ ገባ። ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

«እኔ አዳራሽ ነበርኩ። ለሙከራ ስቶሬጁ ላይ የተጫነውን የሠርግ ፊልም እያየሁ ነበር። ይሄ ልጅ ሰማያዊውን ሲነቅል ፊልሙ ድርቅ አለ! ጋሼ ‹ወደቅክ!› ብለው ጮኹበት። ከዚያ ድም! የሚል ሰማሁ።»

«ዓይንህን ከፊልሙ አላነሳህም?»

«ለሰከንድ እንኳ!»

ፀሐይቱ አነጠሰች። የማሠልጠኛው ጥበቃ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በቀር አዳራሹና ሰርቨር ክፍሉ ወዳሉበት ማንም እንዳልገባ አረጋገጠላት።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ሊዲያ ሳትቀር ሁሉም አዳራሽ ተሰበሰቡ። ፊልሙ ተከፈተ።

«ኢሽራቅ፣ ሂድና ሰማያዊውን ንቀለው።»

ካቴናው እያቃጨለ ነቀለ። ፊልሙ ላይ የሙሽራው አጎት ግን ትከሻው እስኪገነጠል እስክስታውን ቀጠለ።

«ቆመ?»

«ኧረ ምን ቆሞ!» አለች ሊዲያ።

«ያየ ሰው እንደዚህ ይላል። ኩምሳ፣ አንተ ቆመ አልክ፤ ስለዚህ አዳራሽ አልነበርክም። ልጁ ገመዱን መልሶ ሰክቶታል፤ እኛም ለማንም አልተናገርንም። መነቀሉን ማን ነገረህ?»

ኩምሳ ወደ በሩ ፈቀቅ ሲል ፀሐይቱ ቀጠለች።

«ጋሽ አሻግሬ ናቸው። ያንኑ ፈተና ሊሰጡህ ሲሉ! ሙያውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፊልሙ ደረቀ ብሎ አይዋሽም። ሁለት መንገድ ለምን እንደሚዘረጋ ሳታውቅ ነው የምታስተምረው። ሊዲያ፣ ማን ቀጠረው?»

ሊዲያ አንገቷን ደፋች። «እኔ። የእህቴ ባል ነው። ጋሼ ጠዋት ‹ከኢሽራቅ ቀጥሎ ረዳቴን እፈትናለሁ› ብለውኝ ነበር። አፍሬ ደበቅኩ።»

«ሦስት ዓመት ቆሜ አስተምሬ!» ሲል ኩምሳ ፈነዳ። «‹አለማወቅህን ነገ ሠልጣኞቹ ፊት አወጣዋለሁ› አሉኝ! በአንድ ገመድ!»

ፖሊሱ የኢሽራቅን ካቴና ሊፈታ ቁልፉን ሰካ። ቢያዞር፣ ቢነቀንቅ፣ ቢለማመጥ፣ እምቢ! ቁልፉ ውስጡ ተሰበረ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ባለሙያ እስኪመጣ ጣቢያ ይቆይና...»

ላጢፋ ልጇን በታሰረ እጁ ጎትታ መንገድ ጀመረች።

«እዚሁ በሰቃ ሰፈር ብረት የሚቆርጥ ሞልቷል። ልጄን ዛሬ እወስዳለሁ፤ ብረታችሁን ነገ ኑና ውሰዱ!»