ብርድ የመታው ሞኒተር

ኤጄታ ሞኒተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ሜዳው ወጣ። ድንቅቱ ገመዱ መሬት እንዳይነካ ከኋላ ከኋላው ይዛ ትከተለዋለች። ኤቢሴ የሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ላይ ተደግፋ ሳቋን ዋጠችው።

«ብርድ ነው የመታው» አለ ኤጄታ፣ ሞኒተሩን ፀሐይ ላይ ያለ ወንበር ላይ እያስቀመጠ። «የጎጆ ከተማ ብርድ እንኳን ዕቃ ሰው ይገድላል። ትንሽ ይሙቀውና ይነሳል።»

ሞኒተር ፀሐይ የሚያሞቅ ባለሙያ! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አለች ኤቢሴ በልቧ። ኤጄታ የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ሰብሳቢ የሆነው፣ ወንድሙ አምቦ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ኤክስፐርቱ» ማለት ጀምሯል። የሚገርመው ደግሞ አሥረኛ ክፍል በሙሉ አመነው።

ነገሩ የተበላሸው ጠዋት ነበር። የክበቡ ላፕቶፕ የራሱ ስክሪን ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ምንም አያሳይም። የሚሠራው ከዚህ ትልቅ ሞኒተር ጋር ተገናኝቶ ነው። የትምህርት ቤቱን መጽሔት እየጻፉ ሳለ መብራት ጠፋ። ጎጆ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሶኬት ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ የስንቱን ቴሌቪዥን አቃጥሏል። «ንቀዪው! ንቀዪው!» ብሎ ኤጄታ ጮኸ፤ ድንቅቱም ሮጣ የሞኒተሩን ገመድ ነቀለች። ላፕቶፑ ግን ባትሪ ስላለው አልጠፋም፤ የሚነካው ሰው ሲያጣ ተኛ። መብራት መጥቶ ሁሉም ሲሰካ ላፕቶፑ ነቃ፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ኤቢሴ ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። ባለፈው ክረምት ግንጪ ከተማ፣ አክስቷ ቢሮ ውስጥ ይኸው ነገር ሲደርስ አይታለች። ሞኒተሩ ሲነቀልበት ላፕቶፑ ሥዕሉን ወደተሰነጠቀው ስክሪን ልኮታል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ግን ለምን ትናገራለች? ኤክስፐርቱ አለ አይደል! መጀመሪያ ሞኒተሩን በጥፊ መታው። ቀጥሎ ገመዱ ጫፍ ላይ እፍ አለ። አሁን ደግሞ ፀሐይ። ኤቢሴ እንዲህ ያለ መዝናኛ አግኝታ አታውቅም።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ጉተማ ሜዳውን አቋርጠው ሲመጡ ግን የኤጄታ ፊት ተለወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ? ገብስ ነው እንዴ የምታሰጡት?»

«ቲቸር፣ ተቃጥሏል» አለ ኤጄታ ፈጠን ብሎ። «ድንቅቱ ናት። ማንም ሳያዛት ሶኬቱን ነቀለችው።»

ኦቦ ጉተማ ወደ ድንቅቱ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የነቀልሽው?»

«አዎ፣ ግን...»

«በቃ! ወላጅ ይዘሽ ነይ። እስከዚያ ክፍል እንዳትገቢ።»

«ማሎ ቲቸር!» ብላ ለመነች ድንቅቱ።

አፍ የላትም እንዴ? አለች ኤቢሴ በልቧ። «ንቀዪ ያልከኝ አንተ ነህ» ማለት ያቅታል? ድንቅቱንም ናቀቻት። ግን የድንቅቱን አባት ታውቃቸዋለች። ልጃቸው ከተማ ቤት ተከራይታ እንድትማር የፈቀዱት በግድ ነው። ከትምህርት ቤት አንድ ክስ ከሰማሁ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ትመጫለሽ ብለዋታል፤ እሳቸው ደግሞ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ድንቅቱ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች።

ኤቢሴ ሳቋ ጠፋ። እስካሁን ደስ ብሏት መቆየቷ ራሱ አሳፈራት።

«ሞኒተሩን ወደ ውስጥ አምጡት» አለች።

«ምን ልታደርጊ?» አለ ኤጄታ። «ዲሲ፣ ተዪው! ባትነካኪው ይሻላል።»

«ከፀሐይህ አይብስም።»

ኦቦ ጉተማ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ገቡ። ኤቢሴ ሞኒተሩን ሰካችና አበራችው። ከዚያ ሥዕሉ ወደ ሞኒተሩ እንዲመለስ የላፕቶፑን የዊንዶውስ ቁልፍ ተጭና እንደያዘች ፒ የምትለዋን ፊደል ሁለቴ ነክታ ለቀቀች። ሞኒተሩ ብልጭ፣ ጥፍት አለ፤ ከዚያ በራ።

ጠዋት ሙሉ የተጻፈው መጽሔት ወጣ። በገጹ መሃል፣ ጥላ ባላቸው ሰማያዊ ትልልቅ ፊደላት «ዋና አዘጋጅ፦ ኤጄታ» ይላል። ከሥሩ አንድም መስመር የለም።

«በጣም ደክማችኋል» አሉ ኦቦ ጉተማ።

«ፀሐዩ ሳይረዳው አልቀረም» አለ ኤጄታ።

ድንቅቱ መጥታ የኤቢሴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ገለቶሚ» አለቻት። «ገለቶሚ፣ ኤቢሴ። ነፍሴን ነው ያተረፍሽው።» የምስጋናው ብዛት ኤቢሴን አሳፈራት። እጇን ልታስለቅቅ ፈልጋ አልቻለችም።

«ጎበዝ» አሉ ኦቦ ጉተማ። «ወላጅ የተባለው ቀርቷል። ግን አንቺ ልጅ፣ ይሄንን ያወቅሽው መቼ ነው?»

«አሁን ትዝ አለኝ» ብትል ይበቃ ነበር። ማንም አይጠረጥራትም፤ ድንቅቱም እንዳመሰገነቻት ትኖራለች። ኤጄታን አየችው። አንገቱን አቀርቅሮ ሌላ የሚያመካኝበት ነገር እየፈለገ ነበር። እሱን መናቅ አሁንም ቀላል ነው።

«ጠዋት» አለች። «ገና መብራት እንደመጣ ነው ያወቅኩት። ንቀዪው ብሎ የጮኸውም ኤጄታ ነው፤ ሰምቻለሁ። ዝም ያልኩት እንዲዋረድ ፈልጌ ነው።»

ድንቅቱ እጇን ለቀቀቻት።