ጣሳ አይናገርም

«አውጪው!» አለ አባቷ። «ዛሬውኑ ነቅለሽ አውጪልኝ!»

አኒካ ጭንቅላቷን በፒክአፑ ኮፈን ስር ቀብራ የምታየውን ማመን አቅቷት ነበር። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተስፈንጥሮ ወጥቷል። ዘይቱ ሞተሩን፣ ባትሪውን፣ የኮፈኑን ውስጠኛ ገጽ ሳይቀር አልብሶታል። ጋራዡ በተቃጠለ ዘይት ሽታ ታፍኗል። አባቷ ዴል ማኪ የሰዎችን ግቢ ከበረዶ የሚጠርገው በዚሁ መኪና ነው። ሌሊቱን ደግሞ ጉልበት የሚደርስ በረዶ ወርዷል።

ሁለቱን ቱቦዎች ፈታች። የዘይት ማጠራቀሚያውን ጣሳ ነቅላ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ሆኗል።

«ቀዝቅዞ ነው» አለች። «ሞተሩ መተንፈሻ አጣ። ሲጨንቀው ዘንጉን ተፍቶ በዚያ ተነፈሰ።»

«እኔም ልተፋ ምንም አልቀረኝ!» አለ አባቷ። «የሞተሩ የኋላ ዘይት መያዣ ጎማም ሳይቀደድ አልቀረም፣ ይኸው ከስር ያንጠባጥባል። ሚስስ ሩድስ እንዴት ሊሆኑ ነው? ነገ ጠዋት ለኩላሊት እጥበት ይሄዳሉ። ከበራቸው እስከ መንገዱ ማን ይጠርግላቸዋል?»

ይህ ጣሳ በማኪ ቤት ዓመት የፈጀ ጭቅጭቅ ነው። ባለፈው ዓመት ፒክአፑ ቆሞ ሲነሳ ይንዘፈዘፍ ጀመረ። ሞተሩ ሲከፈት ቫልቮቹ እንደ ከረመ የድስት ቂጥ ጠቁረው ተገኙ። አኒካ ያንን ካየች ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። የድሮ ሞተሮች ቤንዚኑን የሚረጩት ከቫልቮቹ ኋላ ስለነበር፣ ቤንዚኑ እግረ መንገዱን ያጥባቸዋል። የአባቷ ሞተር ግን ቀጥታ እሳቱ ቤት ውስጥ ነው የሚረጨው። ቫልቮቹን የሚያጥብ የለም። ሞተሩ ሲተነፍስ የሚወጣው የዘይት ጭጋግ እየመጣ እላያቸው ላይ ይጋገራል። ጣሳው ታዲያ መሀል ተቀምጦ ጭጋጉን ቫልቮቹ ጋ ሳይደርስ ይይዘዋል።

«የሠሩት ሰዎች ሞኝ መሰሉሽ?» ይላት ነበር አባቷ። «ቢያስፈልግ ራሳቸው አይገጥሙትም? የአንቺ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

ስትነዘንዘው፣ ስትነዘንዘው በመጨረሻ ታከተው። «እሺ፣ ግጠሚው። ግን አንድ ቀን መኪናዬን ያስቆመብኝ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ እጅሽ ኮፈኔ ስር አይገባም። የአያትሽንም ሞተር እርሺው።» የአያቷን አሮጌ መኪና ሞተር፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አብረው ሊያወርዱ ቀጠሮ ነበራቸው። አኒካ ከዚያ የበለጠ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም።

በብርድ ጊዜ ጣሳው ከዘይት ይልቅ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር መፍሰስ አለበት። ከገና ወዲህ አኒካ የበረዶ ሆኪ ልምምድ ስለበዛባት ይህን የሚያደርገው ዌስ ነው፤ የክፍል ጓደኛዋ፣ አባቷን በሥራ የሚያግዘው ዌስ። ሁልጊዜም «አፍስሼዋለሁ» የሚል መልእክት ከአውራ ጣት ሥዕል ጋር ይልክላታል።

አኒካ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ከጣሳው የሚወጣውን የሚገለብጡበት በኮምጣጤ የተነከረ ኪያር የነበረበት ጠርሙስ እዚያ አለ። በውስጡ ያለው ከገና ወዲህ አልጨመረም። ይህን ዛሬ አይደለም ያየችው። ከሳምንት በፊትም አይታው ነበር። «ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ይሆናል» ብላ አለፈችው። አሁን ራሷን በጥፊ ማለት አማራት።

በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት ዌስን የተጠበሰ ድንች እየጎረሰ አገኘችው።

«ጣሳውን መቼ ነው ያፈሰስከው?»

«ሰላምታ የለም እንዴ?»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። መልእክት ላኩልሽ እኮ።»

«ዌስ፣ ደረቅ ድንጋይ ሆኖ ነው ያገኘሁት! ሞተሩ ዘይት ተፍቷል። መኪናው ቆሟል።»

ዌስ ማላመጡን አቆመ። ድንቹን ወደ ጎን ገፋው።

«አቦ አኒካ! በዚያ ብርድ ተንበርክኬ፣ ጓንቴን አውልቄ፣ ያንን ጠማማ መክፈቻ ስታገል አስቢው እስቲ! አንድ ቀን ዘለልኩት፣ ምንም አልሆነም። በሌላውም ቀን ዘለልኩት።»

«መልእክቱስ?»

«እሱማ ቀላል ነው፣ በጓንትም ይጻፋል» አለ። የሳቀለት የለም። ራሱም አልሳቀም።

«ለአባቴ ንገረው።»

«አብደሻል? ጣሳው ነው በያ! አባትሽ እንደሆነ ከመጀመሪያውም ጠልቶታል። ጣሳ አይናገርም።»

«እኔስ? ዕዳው በእኔ ላይ አይደል እንዴ የሚወድቀው?»

«አንቺ ልጁ ነሽ። ተቆጥቶሽ ሲያበቃ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ እራት ትበላላችሁ። እኔን ካባረረኝ ግን አለቀ።» ድምፁ ወረደ። «የአጎቴን መኪና ዛፍ ላይ ካጋጨሁ ወዲህ እዚህ አገር ማን ቁልፍ ሰጥቶኛል? አባትሽ ብቻ ነው። አትንገሪው፣ በናትሽ።»

አኒካ ትሪዋን ሳትነካ ተነስታ ሄደች። ያናደዳት መዋሸቱ ብቻ አልነበረም። ስለ ቁልፉ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው የባሰው። ደህና አድርጋ ልትጠላው ፈለገች፤ እውነቱ ያንንም ከለከላት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓሮው ሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውሃ ቀድታ ጋራዥ ገባች። ጣሳውን ባልዲው ውስጥ ነከረችው። በረዶው ሲቀልጥ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችው። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት፣ ቡና በወተት የሚመስል ውሃ ወጣ። ከላዩ ስስ ዘይት ተንሳፈፈ። አንድ ማንኪያ ብትሞላ ነው። ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቀችው ለዚህች ነው? ጣሳውን ግድግዳው ላይ ልትወረውረው ምንም አልቀራት።

«ይቺ ናት?» አለ አባቷ ከኋላዋ። መግባቱን አልሰማችም።

«ይቺ ናት።»

ይስቅብኛል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አየው።

«ይቺ ቫልቮቹ ላይ ሳትጋገር የቀረች ናት» አለች፣ በንዴት። «ሞተሩ ካልተከፈተ ምን ያህል እንደጠቀመች አላውቅም፣ አንተም አታውቅም። ግን እዚህ አገር ብርድ ውስጥ፣ በየጊዜው የሚያፈስለት ሰው ከሌለ፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ይኸው ተናገርኩ። ደስ ይበልህ!»

«ምንም ደስ አላለኝም» አለ አባቷ። ከዚያ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አውርዶ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው። «ማን ነበር ታዲያ የሚያፈስለት?»

ጣሳው እጇ ላይ ነው። ባዶ፣ ለብ ያለ፣ ዝም ያለ። ጣሳው ነው ብትል ሁሉም እዚህ ያበቃል፤ ዌስም ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ግን ይህ ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ከሩቅ ቆማ ልታይ ነው።

«ነገ ብነግርህስ?» አለች።

አባቷ ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መለሰ። «ነገማ በማለዳ በአካፋ ነን» አለ። «ሳትጠሪ ተነሺ።»

ጠዋት አባቷ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ሲወጣ፣ በእናቷ ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሦስት አካፋ ተጋድሞ አገኘ።

«እኛ ሁለት ነን» አለ።

«በዌስ ቤት በኩል እንለፍ።»

«መኪናው ስለቆመ ዛሬ አትምጣ ብዬዋለሁ።»

«የሚነግርህ ነገር አለው» አለች። ቀበቶዋን አሰረች። «እሱ ካልነገረህ እኔ እነግርሃለሁ። የራሴም አለኝ። ጠርሙሱ እንዳልጨመረ ቀድሞም አይቼ ዝም ብያለሁ። ሥራው የእኔ ነበር፣ ለሰው ሰጥቼ ረሳሁት።»

አባቷ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ እያጓራች ተነሳች። የመንገዱ ጥግ ላይ ሲደርሱ ፍሬን ያዘ።

«ጣሳውስ?»

«መደርደሪያ ላይ ነው። በረዶው እስኪቀልጥ አይገጠምም። ከዚያ ወዲያ ከፈቀድክ ገጥሜ የማፈሰው እኔ ነኝ። ካልፈቀድክም እዚያው ይቀመጥ።»

አባቷ ወደ ቀኝ፣ ወደ ዌስ ቤት ታጠፈ።

አኒካ ጥሩምባ አላስነፋችም። ሦስተኛውን አካፋ ይዛ ወረደችና በሩን አንኳኳች። ዌስ ጸጉሩ ቆሞ፣ በነጠላ ጫማ ከፈተ። መጀመሪያ አካፋውን አየ። ቀጥሎ መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን አባቷን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ነገርሽው!»

«ያንተን አልነገርኩትም።» አካፋውን ዘረጋችለት። «እስከ ሚስስ ሩድ ቤት ድረስ ጊዜ አለህ።»

«አኒካ...»

«ብርድ እያስገባህ ነው፣ ዌስ።»

አካፋውን ተቀበላት። ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በነጠላ ጫማው እንደቆመ፣ መኪናውን ደግሞ አየ። አባቷ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነበር። አልጠራውም፣ አልተቆጣም፤ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀዋል።

«እሺ» አለ ዌስ በመጨረሻ። «ጓንቴን ላምጣ።»