ፎቶው አለ

ከፍታ የሚፈራ ሰው መከለያ በሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?

ኢንስፔክተር ሩፋይዳ ይህን ጥያቄ ለራሷ ደገመችው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡታጅራ ውስጥ ካለ አንድ ያላለቀ ሕንፃ ጓሮ፣ ከአሸዋ ክምሩ ጎን፣ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ሟቹ አቤኔዘር ይባላል። በሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለጀማሪዎች የድረ ገጽ ዲዛይን ያስተምር ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ገና ግድግዳ ያልተሠራለት ባዶ ምሰሶ ነው።

«ወደ ላይ ወጥቶ አያውቅም» አሉ የሕንፃውና የማሠልጠኛው ባለቤት አቶ ጌታቸው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እየጨመቁ። «መስኮት አጠገብ እንኳ አይቀመጥም። ሰሌዳውን ወደ በሩ ያዞርነው ለሱ ብለን ነው።»

ሩፋይዳ የሟቹን ሸሚዝ ልብ ብላ አየች። ደረቱ ላይና በሁለቱም እጅጌዎቹ የውስጥ በኩል የሲሚንቶ ብናኝ ተጣብቋል። ጀርባው ላይ ያለው ግን አሸዋ ብቻ ነው። ኪሱ ውስጥ ቁልፍና እስክሪብቶ ተገኘ።

«ስልኩስ?»

«የለም» አለ ፖሊሱ። «ስንደውልም ዝግ ነው።»

ኮማንደር ገብረወልድ ደረጃውን ወርደው ሲመጡ ፊታቸው ላይ የእፎይታ ነገር ይነበብ ነበር። «አትድከሚ፤ ያለቀ ጉዳይ ነው። ፋንቱ የምትባል በርበሬ ነጋዴ አለች፣ ተማሪው ናት። ዛሬ ጠዋት ‹ፎቶው አለ! ያየሁትን ልትክደኝ ነው?› እያለች ስትጮህበት ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። ገባሽ? ነውር ፎቶ ይዞባት ነበር። አስይዣታለሁ፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«የምን ፎቶ እንደሆነ ጠየቋት?»

«ሰደበችኝ።»

«ይህ ሰው ከመውደቁ በፊት ምሰሶ አቅፎ ነበር፣ ኮማንደር። እጅጌውን ይዩት።»

«አንቺ ባሕር ማዶ የተማርሽ ነሽ፤ ቀላሉ ነገር ሁሉ ይወሳሰብብሻል።»

ሩፋይዳ ወደ ሟቹ እጅጌ ተጠጋች። አንካራ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም። እዚያ ላብራቶሪው ይናገርላት ነበር፤ እዚህ ያላት ዓይኗ ብቻ ነው፣ እሱንም አንዳንዴ ትጠራጠረዋለች። ዛሬ ግን እጅጌው ላይ ያየችውን ብናኝ ማንም አያስክዳትም።

ፋንቱን ጣቢያ ሄዳ አገኘቻት። አምሳዎቹን የተሻገረች ሴት ናት፤ ጥፍሮቿ ሥር የበርበሬ ቅላት አለ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው እንደ ታሳሪ ሳይሆን እንደ ከሳሽ ነው።

«እትዬ ፋንቱ፣ ስለ ፎቶው ይንገሩኝ።»

«አንቺም ነውር ፎቶ ልትይኝ ነው? የበርበሬ ፎቶ ነው! የበርበሬ!»

ሩፋይዳ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«የኔ በርበሬ አዲስ አበባ ሲደርስ የሌላ ሰው ስም ይወጣለታል። በስሜ ይሸጥ አልኩ። ‹ፋንቱ ዕድሜዋን ረስታ ኮምፒውተር ልትማር ገባች› ብሎ ገበያው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ! በነሱ ሳቅ በርበሬዬ አይሻግት።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አርብ ጀምበር ስትጠልቅ መስቃን፣ ደጃፌ ላይ፣ ሰሌን ላይ የተሰጣውን አነሣሁት። ድመቷ መጥታ ጥጉ ላይ ተኛች፤ ተውኳት፣ አማረችኝ። ላፕቶፔ ላይ ገጹን ጨርሼ ለአቤኔዘር በቴሌግራም ላክሁለት። ‹ገጹ ደርሶኛል፣ ፎቶው ግን የለም፤ ነገ ላፕቶፑን ይዘው ይምጡ› አለኝ። ጠዋት ተሸክሜ መጣሁ። ይኸው፣ በኔ ላፕቶፕ አለ! በሱ ኮምፒውተር የለም። አለ እላለሁ፣ የለም ይላል። ጮህኩበት። ያየሁትን እንዴት የለም ይለኛል?»

«እሱስ ምን አለ?»

«ይስቃል። ‹ይተዉልኝ፣ ከሰዓት አስተካክዬ ምን እንዳጠፉ አሳይዎታለሁ› አለኝ። በብስጭት ላፕቶፑን ትቼለት ወደ ገበያ ሄድኩ።» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ። «እየሳቀ ነው ትቼው የሄድኩት።»

«ፎቶውን ለሌላ ሰው ልከዋል?»

«ለማን ብዬ? ለሚስቁብኝ?»

ኤደን የፋንቱ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ወጣት ናት፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ሙድ እንይዝባቸው ነበር፤ አልዋሽም፣ ሼም ነው» አለች። «ግን እትዬ ፋንቱ ሰው አይገድሉም። ከሳቸው በኋላ እኛም ወጣን። አቤኒ ብቻውን ቀረ።»

«ፎቶውን አይተሽዋል?»

«ጠዋት በላፕቶፓቸው አሳዩን፤ ለኔና ለአቶ ጌታቸው።»

«አቤኔዘር ሰሞኑን የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?»

ኤደን ወደ በሩ አየች። «ረዳቱ የነበረው ኪዱ ወልቂጤ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሠሪ ሆኖ ተቀጠረ። ደስ ብሎን ደግሰንለት ነበር። በቀደም አቤኒ ኪዱ ለቅጥሩ ያቀረባቸውን ሥራዎች ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ አየ። አንዱ የኔ ገጽ ነው! ቀለሙን እንኳ አልቀየረውም። ሌሎቹም የተማሪዎች ናቸው። አቤኒ ‹ራሱ እንዲናገር እነግረዋለሁ፣ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ› አለ።»

ኪዱ እሑድ ጠዋት ከወልቂጤ መጣ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይደርስ ነው ጣቢያ የገባው። ሰውነቱ የደቀቀ ይመስላል።

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«አርብ ማታ፣ ማሠልጠኛው ውስጥ። ቅዳሜ ወልቂጤ ነበርኩ። አቶ ጌታቸው ዛሬ ጠዋት ደውለው መርዶ ነገሩኝ፤ ከዚያ ውጪ ከማንም አልተነጋገርኩም።»

«ፋንቱን ታውቃታለህ?»

ኪዱ በሐዘኑ መካከል ፈገግ አለ። «እሷን የማያውቅ አለ እንዴ? አርብ አቤኒ ገጿን በኮምፒውተሩ አሳየኝ። ቀይ በርበሬ ዘርግታ ጥጉ ላይ ድመት አስተኝታ! በሚበላ ነገር ላይ ድመት የሚያስተኛ ነጋዴ አይተው ያውቃሉ፣ ኢንስፔክተር? ስንስቅ አመሸን።»

ሩፋይዳ እስክሪብቶዋን በጣቷ አዞረችና አመስግና አሰናበተችው።

ከዚያ ወደ ማሠልጠኛው ሄደች። የሟቹን ኮምፒውተር ከፍታ የፋንቱን ገጽ አየች፤ ገጹን በኬብል ወደ ራሷ ስልክ ገልብጣ ደግማ አየች። የፋንቱንም ላፕቶፕ ከፈተች። ከዚያ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጣች። ጠርዙ ላይ ያለው ምሰሶ በደረት ከፍታ ላይ ታሽቷል። ክፍሉ ውስጥ ኔትወርክ አልያዝ ብሎ የነበረው ስልኳ እዚያ ላይ ሙሉ አሳየ። ጎንበስ ብላ ታች ያለውን አሸዋ አየች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፋንቱ በሁለት ፖሊሶች መካከል ገባችና ሳይፈቀድላት የተለመደው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ድራማ ልታሳዪን ነው?» አሉ ኮማንደሩ።

«አጭር ናት፣ ኮማንደር። ኪዱ፣ አርብ ያየኸውን ገጽ እዚሁ የአቤኔዘር ኮምፒውተር ላይ ክፈትልን።»

ኪዱ ፈጠን ብሎ ከፈተ። አርእስቱ ወጣ፦ «የመስቃን በርበሬ፣ ከፋንቱ እጅ»። ከሥሩ ጥቂት መስመሮች አሉ። ፎቶው ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር።

«ፎቶው ተሰርዟል» አለ ኪዱ።

«ኤደን፣ ባንቺ ኮምፒውተር ላይ የገለበጥኩትስ?»

«ባዶ ነው።»

«ኮማንደር፣ ወደዚህ ከመግባታችን በፊት በስልክዎ ልኬልዎታለሁ፤ ይክፈቱት።»

ኮማንደሩ መነጽራቸውን አደረጉ። «ባዶ ነው።»

ሩፋይዳ የፋንቱን ላፕቶፕ ከፍታ ወደ ሰዎቹ አዞረችው። ቀይ በርበሬ በጀምበር ብርሃን ሰሌኑን ሞልቶ ታየ፤ ጥጉ ላይ ድመቷ ተኝታለች።

«አላልኩም?» አለች ፋንቱ። «አለ!»

«አለ፣ እትዬ ፋንቱ። እርስዎ ጋ ብቻ። ድረ ገጽ ፎቶውን አይሸከምም፤ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው። እርስዎ የጻፉት አድራሻ ‹የፋንቱ ላፕቶፕ፣ ዴስክቶፑ ላይ› የሚል ነው። ሌላው ኮምፒውተር በራሱ ውስጥ ይፈልጋል፣ አያገኝም። ለማያውቅዎት ሰው ‹ቤቴ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ነው› እንደማለት ነው፤ በየከተማው ታንከር አለ። አቤኔዘር የሳቀው ለዚህ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚያጠፋው ጥፋት ነው።»

ወደ ኪዱ ዞረች። «ስለዚህ ይህ ፎቶ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ለአንድ አፍታ እንኳ ታይቶ አያውቅም። አርብ ማታ አቤኔዘር ራሱ ‹ፎቶው የለም› ብሎ ጽፎላቸዋል። ላፕቶፑ ያኔ መስቃን ነው። ቡታጅራ የገባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ድመቷን ያየህ ቅዳሜ ነው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ።»

«ሰው... ሰው ነግሮኝ ይሆናል።»

«ከማንም አልተነጋገርኩም ያልከኝ አንተ ነህ። አቶ ጌታቸው፣ ስለ ድመት ነግረውታል?»

«ኧረ እኔ መርዶ ላይ ድመት አላነሣም!»

«ገጹ አርብ እንደተላከ አቤኔዘር አጫወተህ፤ አንተም በሁለቱም ኮምፒውተር የሚታየው አንድ መሰለህ። የተማሪን ሥራ ከውስጡ አንብበህ ቢሆን ኖሮ ይህን ስህተት ታስበው ነበር። አንተ ግን የምትወስደው መልኩን ብቻ ነው። ኤደን ገጿን አውቃዋለች።»

ኪዱ ኤደንን ላለማየት ወለሉን አየ።

«አንድ ነገር ቀረኝ» አለች ሩፋይዳ። «ከፍታ የሚፈራ ሰው ለምን ወጣ? እዚህ ክፍል ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ላይ ይሠራል። ሊደውል ነው የወጣው። ምሰሶውን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር፤ ሸሚዙ ይናገራል። እንደዚያ የያዘ ሰው አያዳልጠውም፣ ራሱንም አይወረውርም።»

ኪዱ ሲናገር ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ‹አትደውልም፣ እዚያ ላይ መውጣት እንኳ አትችልም› አልኩት። ‹ፈርቼ ዝም የምል መሰለህ?› ብሎ ደረጃውን እየተንቀጠቀጠ ወጣ። በአንድ እጁ ምሰሶውን ይዞ ለአለቃዬ መደወል ጀመረ። ስልኩን ቀማሁት። ያኔ ዓይኑን ጨፍኖ ምሰሶውን አቀፈ።» መዳፎቹን አየ። «እጁን ከምሰሶው አላቀቅኩት።»

«ስልኩስ?»

«ወልቂጤ መንገድ ላይ፣ ገደል ውስጥ ጣልኩት።»

ኮማንደሩ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉ። «ወይዘሮ ፋንቱ፣ መሄድ ይችላሉ» አሉ በመጨረሻ።

«ነውር ፎቶ ያሉትን እዚሁ ይመልሱልኝና እሄዳለሁ።»

ኮማንደሩ ሩፋይዳን አዩ። ሩፋይዳ ጣሪያውን አየች።

«ተሳስቻለሁ» አሉ ኮማንደሩ።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን ሩፋይዳ ማሠልጠኛው ጎራ አለች። ፋንቱ ሻሿን አጥብቃ አስራ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች፤ ኤደን አጠገቧ ተቀምጣለች፣ አትስቅም። ፎቶውን ከገጹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቡት፤ ረጅሙን አድራሻ አጥፍተው ስሙን ብቻ አስቀሩ። ከዚያ ሦስቱም ኔትወርክ ፍለጋ አቶ ጌታቸው መከለያ ወዳሠሩለት አራተኛ ፎቅ ወጡ። ገጹ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ሩፋይዳ በስልኳ ከፈተችው፤ ድመቷ ተኝታለች።

«ለነጋዴዎቹ ይላኩት» አለች ኤደን።

«ለነሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ለመምህሬ ነው።»

ፋንቱ የአቤኔዘርን ስም አወጣች። ‹ፎቶው የለም› ካለው መልእክት በታች በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈች፦ «ልክ ነበርክ፤ አልነበረም። አሁን ግን ፎቶው አለ። ተመልከተው።» ሊንኩን አስከትላ ላከችው።

ከመልእክቱ ጎን አንዲት ትንሽ የራይት ምልክት ወጣች። ፋንቱ ምሰሶውን ተደግፋ ስልኩን በእጇ ይዛ ቆየች። መልእክቱ ሲነበብ የምትወጣው ሁለተኛዋ ምልክት አልመጣችም።